የምጽዋ መንገድና የሸራ ቤታችን

ባለፈው ሳምንት ከቤቴ በታች ያለውን የአስፋልት ጉድጓድ ሊደፍኑ ሠራተኞች መጥተው ነበር። ከበርሜል ሥር እሳት አንድደው ሬንጅ ሲያፈሉ ሽታው በመስኮት ገባ። የልጅ ልጄ ልትዘጋው ተነሣች፤ «ተይው» አልኳት። «ዓባየይ፣ ይህ ሽታ እኮ ራስ ያዞራል» አለች፤ ሴት አያቴ ማለቷ ነው። «አንቺን ያዞር ይሆናል፤ እኔ በእሱ ነው ያደግኩት» ስላት ሣቀችና ተወችው። እሷ የምታውቀው መንገድ ጸጥ ያለ ነው፤ በቀን ጥቂት መኪና ያልፍበታል፤ ሽማግሌዎች መሐል ለመሐል እያወሩ ይሄዱበታል። እኔ የማውቀው መንገድ ግን ቀኑን ሙሉ ያገሣ ነበር። ከባሕር የሚመጣው ስኳርና ጨርቅ፣ ወደ ባሕር የሚወርደው ቢራና ብርቱካን ሁሉ በደጃችን ነበር የሚያልፈው። ተርቦም ሆነ ጠግቦ ያላለፈበት ሰው አልነበረም። ያን መንገድ አንድ ጊዜ ከእጃችን ሊወስዱብን መጥተው ነበር፤ አልሰጠንም።

ይህን የምጽፈው በአማርኛ ነው። ለምን ብለው የሚጠይቁኝ አሉ፤ አንዳንዶቹም ቅር ብሏቸው ነው የሚጠይቁኝ። መልሴ አጭር ነው። አማርኛን የተማርኩት በግድ ነው፤ ያልረሳሁት ግን በፈቃዴ ነው። አባቴ የሠራውን ቤት ለማዳን የተከራከርኩበት ቋንቋ ስለሆነ የእኔም ነው። ማንም ሰጠኝ አልልም፤ ማንም አይወስድብኝም።

ቤታችን እዳጋ ሓሙስ ከሚባለው ሰፈር ወጣ ብሎ፣ ወደ ምጽዋ የሚወርደው መንገድ ከተማውን ሊለቅ ሲል ነበር። አሁን ሰፈሩ ከተማ ውስጥ ገብቷል፤ ያኔ ግን ዳር ነበር። ከእኛ በኋላ በለስና ድንጋይ፣ ከዚያ ገደሉ፣ ከገደሉ በታች ጉሙ። አባቴን ሰው ሁሉ አቦይ ተኽለ ይለው ነበር። ወጣት ሳለ ጣልያኖች ይህን መንገድ ሲያሰፉ ድንጋይ ፈልጧል። ለመንገዱ አይሆንም ተብሎ የተጣለውን ድንጋይ በየእሑዱ እየለቀመ፣ ከአጎቱ በደረሰው መሬት ላይ ሁለት ክፍል ቤት ሠራ። የቤታችን ግድግዳና የመንገዱ ድጋፍ ግንብ አንድ ዐይነት ድንጋይ ነበሩ፤ ዛሬም አጠገብ ለአጠገብ ሄዶ ማየት ይቻላል። ኋላ አባቴ አንድ ጣልያን ሸራ ሰፊ ዘንድ ተቀጠረ። ሰውዬው ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲመለስ ከባዱን የስፌት ማኪና ለአባቴ ትቶለት ሄደ። ከዚያ በኋላ ከምጽዋ የሚወጣ፣ ወደ ምጽዋ የሚወርድ የጭነት መኪና ሸራው ከተቀደደ የሚቆመው እኛ ደጅ ነበር።

የመኪና ሸራ መስፋት የቀሚስ ጠርዝ እንደማጠፍ አይደለም። ክሩ በሰም ይታሻል። በእጅ የሚሰፋበት መርፌ ጣት ያክላል፤ መዳፍ ላይ ወፍራም ቆዳ ካልታሰረ ከሸራው ይልቅ እጅን ነው የሚወጋው። እናቴ በልጅነቴ ነው የሞተችው፤ ወንድም የለኝም። የአባቴ ጣቶች በቁርጥማት አብጠው አልታጠፍ ሲሉት ማኪናው ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ትምህርት ቤት ጨርሼ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሞልቶኝ አላለፈም። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ገባ ብለው «አቦይ ተኽለ የታሉ?» ይሉና እኔን ሲያዩ ዐይናቸውን ጣሪያ ላይ ይሰቅሉ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ግን «አብረኸት የለችም?» ማለት ጀመሩ። አንዱ፣ በሸራዬ ላይ ዝናብ ሙሉ ሌሊት ወርዶ ከስኳሩ አንዲት ፍሬ እንዳልረጠበች ለሰው ሁሉ ሲያወራ ሰምቼ፣ ያን ቀን ምሳ ሳልበላ የዋልኩ ይመስለኛል፤ በደስታ።

የእኛ ረድፍ ዐሥራ አንድ ቤት ነበር፤ ሁሉም በመንገዱ ቀኝ። ከእኛ ቀጥሎ ሳልሕ የሚባል ጎሚስታ ነበር፤ ጎማ የሚጠግን፣ ነፋስ የሚሞላ፣ ከሥራው ይልቅ በምላሱ የሚታወቅ ሰው። ከሳልሕ ቀጥሎ የአደይ ምልእተ ሻሂ ቤት። አደይ ምልእተ ባለቤታቸውን በዚሁ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ያጡ፣ መንገዱን ግን ያልጠሉ ሴት ነበሩ። ሻሂ በአምስት ሳንቲም፣ ባኒ ከምንለው ትኩስ ዳቦ ጋር በዐሥር ሳንቲም ይሸጡ ነበር፤ ፓስታ ከሥጋ ጋር ሃምሳ ሳንቲም ቢሆን ነው። መደርደሪያቸው ላይ የተቀመጠችው ሬዲዮ ስትፈልግ ክራር፣ ስትፈልግ የሱዳን ዘፈን፣ ስትፈልግ አንዲት ጣልያናዊት ስታለቅስ ታሰማን ነበር፤ እኔ በማኪናዬ ድምፅ መሐል ዜማውን ብቻ ነበር የምይዘው። ዛሬም ቃላቸውን የማላውቃቸው ብዙ ዘፈኖች አሉኝ። ከምጽዋ የወጡት ሾፌሮች በአጭር ሱሪና በካናቴራ ነበር የሚደርሱት፤ ታች ሰው በሙቀት ሲቀልጥ እዚህ ላይ ጉሙ አጥንት ይሰብራል፤ ወርደው ደጃችን ላይ እየተንቀጠቀጡ የሱፍ ካፖርታቸውን ሲደርቡ ማየት የየቀን ትርኢታችን ነበር። ሸራቸው ላይ የባሕሩ ጨው ነጭ ሆኖ ይደርቃል። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር ያኔ፤ ሰው ሳያየኝ ጣቴን አስነክቼ ቀምሼዋለሁ። እሑድ ደግሞ የብስክሌት ውድድር ሲኖር መንገዱ ለመኪና ይዘጋና ሰፈሩ ሁሉ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። ወይዛዝርቱ ነጸላቸውን አሳምረው፣ ወንዶቹ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሳልሕ የተወዳዳሪዎቹን ጎማ በነጻ እየሞላ፣ ያሸነፈው ሁሉ በእሱ ነፋስ እንዳሸነፈ ይምል ነበር።

ያ ዘመን ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ከሁለት ባንዲራ አንዱ የወረደበት ዘመን ነው። ፖለቲካውን ለሚያውቁት እተወዋለሁ፤ እኔ የማስታውሰው በእኛ መንገድ ላይ የታየውን ነው። አንድ ሰሞን ቀለም ቀቢ መጥቶ የሱቆቹን ሰሌዳ አንድ በአንድ አወረደ፤ ተመልሰው ሲሰቀሉ ከላይ አማርኛ ነበር። ባለሱቆቹ የገዛ ሱቃቸው ሰሌዳ አልገባቸው ብሎ እኔን ጠርተው «ምን ይላል?» ይሉኝ ነበር። ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ በትምህርት ቤትም መጽሐፉ ሁሉ ተለወጠ። በግቢው ውስጥ ትግርኛ ሲናገር የተገኘ ተማሪ መጥረጊያ ይሰጠዋል። እኔ ዝም ማለት የማልችል ልጅ ነበርኩ፤ ስለዚህ ያን ግቢ እንደ እኔ የጠረገው የለም። አማርኛ ያስተማሩን ሰው ከጎጃም የመጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። መጥረጊያውን የሚሰጡት እሳቸው አልነበሩም፤ እንዲያውም ስጠርግ ካዩኝ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ፊደልን ከነመልኩና ከነስሙ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ አንድ ጂፕ ከረድፋችን ፊት ቆመ። የወረዱት ሰዎች ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡ ናቸው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልገኝም። መሪያቸው አቶ ደምሴ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ቪላጆ ጀኒዮ በሚባለው የባለሥልጣን ሰፈር ቪላ ተሰጥቶት የሚኖር፣ ኮቱ የተተኮሰ፣ ሲናገር የማይጮኽ ሰው። ሁለቱ ሠራተኞቹ ቀይ ቀለም ይዘው ከመጀመሪያው ቤት እስከ ዐሥራ አንደኛው በር በበሩ አጠገብ መስቀለኛ ምልክት አደረጉ። በሳልሕ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጠፉና ሄዱ። ቀለሙ ሳይደርቅ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። አማርኛ የማውቀው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ገፍተው ፊት አቆሙኝ። ወረቀቱ ሲጠቃለል፣ በመንገዱ ቀኝ ያሉት ጊዜያዊ መጠለያዎች ለመንገዱ መስፋትና ለከተማው ውበት ሲባል በአንድ ወር ውስጥ እንዲፈርሱ ታዟል ይላል።

«ጊዜያዊ መጠለያ ምንድን ነው?» አለኝ ሳልሕ።

«ዳስ ማለት ነው» አልኩት። «ለትንሽ ጊዜ ተተክሎ የሚነሣ።»

አባቴ ወደ ቤታችን ሄደና መዳፉን ከድንጋዩ ላይ አስደግፎ ቆመ። አደይ ምልእተ «ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ሊመጣ ነው አሉ። ከምጽዋ በዚህ መንገድ ነው የሚያልፈው። እኛን እንዳያይ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ኋላ ሁሉም ያወራው ይህንኑ ነው።

በማግስቱ አባቴ፣ አደይ ምልእተና ሳልሕ የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዱ። ጠዋት የሄዱ ሰዎች ከቀትር በኋላ ተመለሱ። በትግርኛ ሲናገሩ የሚሰማቸው ጠፍቶ ከወንበር ወደ ወንበር ሲዛወሩ ውለው፣ በመጨረሻ አንድ ጸሐፊ «ማመልከቻችሁን በአማርኛ ጽፋችሁ አምጡ» ብሏቸው ነው። አባቴ ኮቱን አወለቀ፤ በሚስማሩ ላይ ሰቀለው።

«ጓለይ፣ ወረቀት አውጪ» አለኝ፤ ጓለይ ልጄ ማለት ነው።

ያን ማመልከቻ የጻፍኩት የሸራ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ዐሥራ አንዱም ባለቤቶች ዙሪያዬን ቆመው። እነሱ በትግርኛ ይላሉ፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። አደይ ምልእተ ልመናውን እንዳበዛው አልፈለጉም፤ «ሰላምታውን አሳጥሪ፣ ጎንበስ ያልሽ እንዳይመስል» አሉኝ። ሳልሕ የመሥሪያ ቤቱን ጂፕ ጎማ ሦስት ጊዜ እንደጠገነ ካልተጻፈ አልፈርምም አለ፤ ጻፍኩለት። አባቴ በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ «መንገዱ ወደ እኛ መጣ እንጂ እኛ ወደ መንገዱ አልሄድንም በይ።» ይህችን እንዳለች ጻፍኳት። መጻፍ የሚችለው ፈረመ፣ የማይችለው አውራ ጣቱን በሳልሕ የጎማ ጥቀርሻ ነክሮ አተመ። ከታች «ጸሐፊ አብረኸት ተኽለ» ብዬ ስሜን አኖርኩ። አባቴ ስሜን እስኪያይ ድረስ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ሲያየው ፈገግታው ጠፋ። «ይህ ባይኖር አይሻልም?» አለ። «ያለ ጸሐፊ አይቀበሉም» አልኩት። ውሸቴን ነበር፤ ስሜ እንዲኖርበት ስለፈለግኩ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስወስደው አርእስቱ ደንቡን አልጠበቀም ተብሎ ተመለሰልኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ስወስደው አቶ ደምሴ ራሱ በቀይ እርሳስ ብዙ ቃል ከቦ «ፊደሉን አርሚና ተመለሺ» አለኝ። ጊዜ እየገዛብን እንደነበር ገብቶኛል፤ ወሩ እየሄደ ነው። እቤት ወስጄ የከበበውን አንድ በአንድ አየሁ። የተሳሳትኩትን አረምኩ፤ አንዱን ግን አልነካሁትም። ለሦስተኛ ጊዜ ስገባ ቢሮው ውስጥ ሦስት ጸሐፊዎች ተቀምጠው ነበር። አቶ ደምሴ ወረቀቱን አነበበና እርሳሱን አነሣ።

«ሕግ የሚለውን ቃል ባለፈው አርሜልሽ ነበር። በሃሌታው ሀ ነው ብዬሽ፣ አሁንም በሐመሩ ሐ ነው የጻፍሽው።»

«አይቼዋለሁ። ሆን ብዬ ነው የተውኩት።»

«ለምን?»

«ትክክሉ እሱ ስለሆነ። እናንተ ሁለቱን ፊደል አንድ አድርጋችሁ ነው የምታነቡት፤ እኛ አፍ ላይ ግን ዛሬም የተለያዩ ናቸው። ሕግ ከጉሮሮ ነው የሚወጣው» አልኩትና ቃሉን እኛ እንደምንለው አልኩለት።

ጸሐፊዎቹ ሣቁ። እሱ አልሣቀም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «አባቴ መሪጌታ ናቸው» አለ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላወቅኩም። «በዚህች ቃል ልጅ ሆኜ ተገርፌባታለሁ። ረስቻት ነበር።» መሳቢያውን ከፈተ፤ ማኅተሙን አወጣና በሁለቱም ቅጂ ላይ መታ። አንዱን ለእኔ ሲሰጠኝ «ይህ ደርሶናል ማለት ነው እንጂ እሺ ብለናል ማለት አይደለም» አለኝ።

«ዐውቃለሁ» አልኩት። «አልደረሰንም ማለት ግን ከእንግዲህ አትችሉም።»

ከበሩ ሳልወጣ «አማርኛ የት ነው የተማርሽው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ግቢ ስጠርግ» ብዬ ወጣሁ። ሊገባው አይችልም፤ ላስረዳውም አልፈለግኩም።

መልስ አልመጣም። ወሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው እሑድ ነበር፤ ብስክሌተኞቹ ካለፉ በኋላ ሳልሕ ከሾፌሮቹ ጋር አደይ ምልእተ ዘንድ ተቀምጦ ሲንሾካሾክ አየሁት። ምን እንደሚያወሩ ስጠይቀው «ስለ ነፋስ» አለኝ። ሰኞ ጠዋት በሬን ስከፍት መንገዱ አይታይም። ከእኛ ደጅ እስከ ታችኛው ኩርባ ዐሥራ አራት ትሬንታ ኳትሮ፣ እነዚያ አፍንጫ ረጃጅም ትልልቅ የጭነት መኪናዎች፣ ግድግዳችንን ታክከው ተደርድረዋል። ኮፈናቸው ተከፍቷል። ጎማቸው እንደ ደከመው በሬ መሬት ላይ ተኝቷል። ሾፌሮቹ ካፖርታቸውን ደርበው ሻሂያቸውን ይጠጣሉ። አፍራሾቹ ዶማና መዶሻ ይዘው መጡና በመኪናዎቹና በግድግዳው መሐል መግቢያ ቢፈልጉ አጡ። አለቃቸው ሳልሕን ጠርቶ «ለምን አትጠግንላቸውም?» አለው።

«ጌታው፣ እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ መኪናው ዐሥራ አራት ነው» አለ ሳልሕ። «ደግሞ ቤትህ ይፈርሳል ተብዬ ዕቃዬን አሽጌአለሁ። የት ሆኜ ልጠግን?»

ሰውዬው ሣቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን ሲያዞር አይቼዋለሁ፤ ከሠራተኞቹም አብዛኞቹ የሰፈር ልጆች ነበሩ። አንዱ ዶማውን አስደግፎ ከሾፌሮቹ ጋር ሻሂ ሊጠጣ ተቀመጠ። በዚህ ሁኔታ ሦስት ቀን አለፈ። ወደብ ላይ ዕቃው ተከመረ፤ እዚህ ነጋዴው ጮኸ። ሾፌሮቹ ከማንም በላይ የሚያውቁት መንገድ ስለሆነ እንዴት እንደሚዘጋም ያውቁ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ፖሊስ መጣ። ሾፌሮቹን ሊያስሩ ፈለጉ፤ ግን ዐሥራ አራት ሾፌር ካሰሩ መኪናውን ማን ይነዳዋል? ሳልሕን ፈለጉት፤ ጎማ ተነፈሰ ማለት ወንጀል አይደለም። ከዚያ አንዱ ከኪሱ ማመልከቻውን አወጣ። «አብረኸት ተኽለ ማናት?» አለ። አባቴ ተነሥቶ ከፊቴ ቆመ። እኔ ቆዳውን ከመዳፌ ፈትቼ በጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ከኋላው ወጣሁ።

ዘጠኝ ቀን ታሰርኩ። አልፈራሁም አልልም። ክፍሉ ውስጥ ስምንት ሴቶች ነበርን፤ አብዛኞቹ ለምን እንደገቡ አይናገሩም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የሚመረምረኝ መቶ አለቃ ወጣት ነበር። «ሾፌሮቹን ማን ሰበሰባቸው?» ይለኛል። «መንገዱ» እለዋለሁ። መጀመሪያ ሰው መስሎት «መንገዱ የአባቱ ስም ማን ነው?» አለኝና ስሙን ጻፈው። ሲገባው በጥፊ መታኝ። አንድ ጊዜ ነው የመታኝ፤ ግን የግራ ጆሮዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ደህና ሆኖ አያውቅም። ዛሬ የልጅ ልጄ በግራዬ ተቀምጣ ስታወራኝ ዞር በይ የምላት ለዚህ ነው፤ የእርጅና ይመስላታል። ያን ቀን ግን እንባዬ ሳይፈልግ ሲወርድ «መልሴ ያው ነው» አልኩት። ስም አልሰጠሁም። ይህን ስጽፍ ሰውነቴ ቀጥ ይላል፤ አላፍርበትም፣ አልደብቀውም። አባቴ በየቀኑ ምግብ ይዞ ይመጣ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ስሜን ጮኾ ይጠራና ሳልመልስለት አይሄድም። በአምስተኛው ቀን የተላከልኝ ዳቦ የተጠቀለለበት ጨርቅ ጠርዙ ተሰፍቶ ነበር፤ ስፌቱ ጠማማ ነበር፣ የአባቴ እጅ ነው። የሾፌሮቹን ትእዛዝ በእነዚያ ባበጡ ጣቶች ራሱ ይሰፋ እንደነበር በዚህ ዐወቅኩ።

ሲለቁኝ ወረቀትም ምክንያትም አልሰጡኝም። በእግሬ እየሄድኩ ኩርባው ጋ ስደርስ ቆምኩ፤ ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ። ቀና ስል ዐሥራ አንዱም ቤት ቆመዋል። መኪናዎቹ ሄደዋል፤ የተነሡት ማፍረሱ መቅረቱ ከተነገራቸው በኋላ ነው አሉኝ። እንግዳው የሚመጣበት ቀን ስለቀረበ፣ ፍርስራሽ ከማሳየት ቤት ማሳየት ይሻላል ተብሎ ነው መሰለኝ፣ እነዚያው አፍራሾች ኖራ ተሰጥቷቸው የረድፉን ፊት ነጭ ሲቀቡ ደረስኩ። ቀዩን ምልክት ያስቀባው መሥሪያ ቤት ራሱ አስጠፋው። ሳልሕ ነጩን ግድግዳ እያየ «የሠርግ ቤት አስመሰሉት» አለኝ። አደይ ምልእተ ሮጠው መጥተው ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ሻሂ ሊያፈሉ ገቡ። አቶ ደምሴ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት እንደተዛወረ ሰማሁ፤ ማኅተሙን በመምታቱ ይሁን በሌላ አላውቅም። አላየሁትም ዳግመኛ።

ሰዎች ያ ሁሉ ለዐሥራ አንድ ቤት ነውን ይሉኛል። ከዚያ በኋላ ስለመጣው ነገር፣ ስንት መኪና ሄዶ እንዳልተመለሰ፣ መንገዱ ስንት ጊዜ እንደተዘጋና እንደተከፈተ ሁላችንም እናውቃለን። ከእነዚያ ቤቶች ሁለቱ በኋለኛው ዘመን ፈርሰዋል፤ አንዱ ዛሬ ፀጉር ቤት ነው፤ ሳልሕ የሞተበት ክፍል ተዘግቷል። ግን አንድም ሰው በዚያ ቀይ ቀለም ምክንያት ቤቱን አልለቀቀም። አደይ ምልእተ በራቸው ላይ፣ በራሳቸው ወንበር ላይ ነው ያረጁት። አባቴ ከሞተ ብዙ ዓመቱ ነው፤ የሞተው በሠራው ግድግዳ ውስጥ ነው። ይህ ትንሽ ነው የሚለኝ ካለ ቤቱን እንዲያፈርሱለት ይፍቀድና ከዚያ እንነጋገር።

ትልቁ እንግዳ የሚያልፍበት ቀን ደረሰ። ከዋዜማው ጀምሮ በድምፅ ማጉያ ተነገረን፤ ሱቅ ሁሉ ይዘጋ፣ ሰው ሁሉ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ያጨብጭብ። ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ወጣ፤ የወጣውን አልፈርድበትም፣ አንዳንዱ ልጆቹን አስቦ ነው፣ አንዳንዱ ማየት ፈልጎ ነው። አባቴ ቁርሱን በላ። ከዚያ በሩን እንደ ማንኛውም ቀን ወለል አድርጎ ከፈተና ማኪናው ላይ ከተዘረጋው ሸራ ማዶ ጫፍ ተቀመጠ። «ማኪናው ላይ ተቀመጪ» አለኝ። አንድ ሾፌር በማግስቱ ሊወስደው ያዘዘን ሰፊ ሸራ ነበረን፤ እኔ መስፋት ጀመርኩ፣ እሱ ጫፉን ይዞ ይስብልኛል።

ብዙ ሳይቆይ አንድ ዐሥር አለቃ በበሩ ገባ። የዓኽርያ ሰፈር ልጅ ነው፤ እናቱን እናውቃቸዋለን።

«አቦይ ተኽለ፣ ሁሉም ውጭ ነው። ተነሡ» አለ በትግርኛ።

«ሸራው ለነገ ነው» አለ አባቴ።

ዐሥር አለቃው እኔን አየ። የግራ ጉንጬን አየ፤ ያኔ እብጠቱ ገና አልጠፋም ነበር። ወደ ውጭ ዞር ብሎ አለቆቹ የት እንዳሉ አየ። ከዚያ ወደ ኋላው ተራምዶ ወጣና በሩን በእጁ ሳብ አደረገው፤ ጨርሶ አልዘጋውም፣ ከመንገድ እንዳንታይ ያህል ብቻ። በክፍተቱ ጀርባው ይታየኝ ነበር፤ ከበራችን ፊት ለፊት ቆመ፣ ከዚያ አልተንቀሳቀሰም።

ጭብጨባው ከታች ከኩርባው ተነሣ። ሞተር ብስክሌቶቹ ቀደሙ፤ መሬቱ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣና ደጃችን ደረሰ። እግሬን ከማኪናው መርገጫ ላይ አላነሣሁትም፤ መርፌው ሲወርድና ሲወጣ እያየሁ ዝም ብዬ ረገጥኩ። መኪናዎቹ አንድ በአንድ አለፉ፤ ጭብጨባው ተከትሏቸው ወደ ከተማው ሄደና ራቀ። አባቴ አንድም ጊዜ ቀና አላለም። ውጭ ሰው መበተን ሲጀምር ሸራውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገና

«ስፌቱ ቀጥ ብሏል?» አለኝ።

«ቀጥ ብሏል» አልኩት።